ስለ አንባቢ ዕንባና ስለ አንባቢ ፍርድ

መጽሐፍን የሚጽፈው አንድ ሰው ነው፤ የሚፈርድበት ግን ብዙ ሰው ነው። ጸሐፊው ብዕሩን ካስቀመጠ በኋላ የአንባቢው ተራ ይደርሳል። አንዱ አንብቦ ያለቅሳል፤ ሁለተኛው ይስቃል፤ ሦስተኛው ይቈጣል፤ አራተኛውም መጽሐፉን አጥፎ ይተኛል። ከነዚህ ሁሉ በእውነት ያነበበው የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ ማንበብ ለሚማር ልጅ ይጠቅመዋል። ፊደልን መለየትና ቃልን ማንበብ የትምህርት መጀመሪያ ነው። ባነበቡት ነገር ምን ሊያደርጉበት እንደሚገባ ማሰብ ግን ከዚያ የሚበልጥ ሥራ ነው።

በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ካስለቀሱት መጻሕፍት አንዱ በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደራሲው ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም፥ በደብረ ማርቆስ አቅራቢያ ተወለዱ። በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተማሩ። ኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥተው በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤትና በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። የኢጣልያ ጦር በ1928 ዓ.ም. አገሪቱን በወረረ ጊዜ ከልዑል ራስ እምሩ ጋራ ዘምተው ተማረኩ፤ በኢጣልያም አገር ብዙ ዓመት በእስር ኖሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በውጭ አገር የመንግሥት መልእክተኛ፥ በአገር ውስጥም ሚኒስትር ሆነው አገለገሉ። በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ።

የመጽሐፉ ታሪክ የሚፈጸመው በጎጃም ባላገር ነው። በማንኩሳ የሚኖሩ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የተባሉ ባልና ሚስት አንድ ልጅ ወለዱ፤ ስሙንም በዛብህ አሉት። ልጁ እንዳይሞትባቸው ስለ ፈሩ፥ ቢያድግላቸው ሚስት ሳያገባ ዕድሜውን ሁሉ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ተሳሉ። በዛብህም አደገ፤ ቅኔ ተማረ፤ ዲማ ጊዮርጊስ ወደሚባለውም ደብር ሄደ።

በዚያ አገር ፊታውራሪ መሸሻ የሚባሉ መኰንን ነበሩ። ሴት ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ለጋብቻ ደርሳ ሳለ፥ ሊያጫት የሚመጣውን ሁሉ «በዘር አይመጥነንም» እያሉ ይመልሱት ነበር። ስለዚህ የልጅቱ ዕድሜ በአባቷ ቤት አለፈ። በዛብህ ሊያስተምራት ወደዚያ ቤት ገባ፤ ሲያስተምርና ስትማርም ሁለቱ ተዋደዱ። የፍቅራቸው ነገር በተገለጠ ጊዜ በዛብህ ወደ አዲስ አበባ ሸሸ። ሰብለ ወንጌልም የመነኵሴ ልብስ ለብሳ እርሱን ፍለጋ ከአባቷ ቤት ወጣች። ባገኘችው ጊዜ ግን በመንገድ ላይ በደረሰበት ጕዳት ለሞት ተቃርቦ ነበር። እርሱ ሞተ፤ እርሷም መንኵሳ በመቃብሩ አጠገብ ኖረች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌላ ሰው አለ። ስሙ ካሣ ዳምጤ ነው፤ ለፊታውራሪ መሸሻም ዘመዳቸው ነው። ይህ ሰው የተማረና አስተዋይ ነበረ። ሰውን በዘር ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ልማድ ሊለወጥ ይገባል እያለ ይናገር ነበር። የአገሩ ሰው ግን የሚለውን አልመረመረም፤ «ዕብድ ነው» አለ እንጂ። ስሙንም ለውጦ ጕዱ ካሣ ብሎ ጠራው።

መጽሐፉ ከ500 ገጽ ይበልጣል። በታተመበትም ዘመን ከኢትዮጵያ ሕዝብ የሚበዛው ማንበብ አይችልም ነበር፤ ጕልማሶችና ሽማግሌዎች ፊደል የቈጠሩበት ታላቁ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነውና። ነገር ግን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ ባነበበው ጊዜ ፊደል ያልቈጠረው ሰው ሁሉ የታሪኩ ተካፋይ ሆነ። ብዙ ሰው በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ተሰብስቦ አዳመጠ፤ ስለ በዛብህ ተጨነቀ፤ ስለ ሰብለ ወንጌልም አለቀሰ። እስከ ዛሬ ድረስ የወጋየሁን ድምፅ የሚያስታውሱ አያቶች በየቤቱ አሉ።

በአዲስ አበባ፥ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፥ ከካዛንቺስ ብዙ ሳይርቅ፥ መስቀል ፍላወር የሚባል ሰፈር አለ። የስሙ እኵሌታ አማርኛ፥ እኵሌታውም እንግሊዝኛ ነው። ሁሉም በአማርኛ ቢሆን «የመስቀል አበባ» ይባል ነበር፤ ይኸውም በመስከረም ወር ሜዳውንና ጋራውን ቢጫ የሚያለብሰው አደይ ነው። ዛሬ በዚህ ሰፈር የሚያድግ ልጅ የሚያየው አስፋልትና ፎቅ ነው፤ የሚያርስ በሬና እህል የሚወቃበት አውድማ የሚያውቀው በወሬ ነው። ሆኖም እንደ ሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር ሁሉ፥ በየቤቱ ያሉት አያቶች ብዙዎቹ ከባላገር የመጡ ናቸው። ስለዚህ የጎጃም ባላገር ታሪክ በዚህ ሰፈር ቢነበብ፥ ለአያቲቱ ትዝታ፥ ለልጅቱም እንግዳ ነገር ይሆናል።

እንግዲህ በዚያ ሰፈር በአንድ ቤት ቡና ተፈልቶ፥ ቤተ ሰብ ተሰብስቦ ሳለ የዚህ መጽሐፍ ነገር ተነሣ እንበል። አያቲቱ ሰብለ ወንጌልን ባሰቡ ጊዜ ዕንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። «ምነው ያች ልጅ በሰላም ብትደርስለት!» ይላሉ። አባትየው ግን ጥፋቱን በበዛብህ ላይ ያደርጉታል፤ «ለእግዚአብሔር የተሰጠ ልጅ ስለቱን ማፍረስ አልነበረበትም» ይላሉ። ወንድ ልጃቸው ይህን ሲሰማ ይቈጣል፤ «አባባ፥ ጥፋቱ የፊታውራሪ መሸሻ ነው፤ በልጃቸው ዕድሜ የቀለዱት እርሳቸው ናቸው» ብሎ ይመልሳል። በመጨረሻም በትምህርት ቤት ያለችው ትንሺቱ ልጅ ትጠይቃለች፤ «እማማ፥ ጕዱ ካሣ እውነት ከተናገረ ስለ ምን ዕብድ አሉት?» አያቲቱም ጥቂት ያስባሉና፥ «ልጄ፥ እኛም በሬዲዮ ስንሰማው እንስቅበት ነበር» ይላሉ።

ከነዚህ ሁሉ ፈጽሞ የተሳሳተ የለም። የአያቲቱ ዕንባ እውነተኛ ነው፤ በሌላው ሰው መከራ የማያዝን ልብ ደረቅ ነውና። አባትየው ስለት የከበረ ነገር ነው ማለታቸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ስለቱን የተሳሉት ወላጆቹ እንጂ በዛብህ አልነበረም፤ እርሱ በዚያን ጊዜ ሕፃን ነበረ። ወንድ ልጁም ፊታውራሪ መሸሻን መንቀፉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የአገሩ ልማድ ባይደግፋቸው ኖሮ አንድ ሰው ብቻውን ያን ያህል ጥፋት ባላደረሰም ነበር። እያንዳንዱ ከታሪኩ አንድ ክፍል ይዞ ፈረደ። የቸኰለ አፍስሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ግማሹን ብቻ አይቶ የፈረደ አንባቢ እንደ ገና ተመልሶ መልቀም ይኖርበታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ስሕተት ግን ሌላ ነው። እርሱም በመጽሐፉ ሰው ላይ ፈርዶ ራስን መርሳት ነው። ብዙ አባት ፊታውራሪ መሸሻን ይነቅፋል፤ ጨካኝ፥ ትዕቢተኛ ይላቸዋል። ነገር ግን የገዛ ልጁ አንድ ድኻ መምህር አግብታ ለመኖር እንደ ፈቀደች በነገረችው ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ወገኑ ማነው? የማን ልጅ ነው?» ብሎ ነው። ጠባዩንና ሥራውን የሚጠይቀው ኋላ ነው፤ ምናልባትም ከቶ አይጠይቅም። እንዲህ ያለው አባት ለሰብለ ወንጌል ያፈሰሰው ዕንባ ገና አልደረቀም፤ በቤቱ ግን ሁለተኛይቱን ሰብለ ወንጌል እያስለቀሰ ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ተረት ለርሱ ይስማማል፤ በምንጩ አጠገብ ተቀምጦ አልጠጣምና።

ይህ ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ የተጻፈውን የንጉሥ ዳዊትን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ዳዊት የኦርዮን ሚስት በወሰደ ጊዜ ነቢዩ ናታን ወደርሱ መጥቶ አንድ ታሪክ ነገረው። ብዙ በግ ያለው ባለጸጋ ለእንግዳው ምግብ ለማዘጋጀት ብሎ የድኻውን አንዲት በግ ወሰደ የሚል ታሪክ ነበረ። ዳዊትም ሰምቶ እጅግ ተቈጣ፤ በባለጸጋውም ላይ የሞት ፍርድ ፈረደ። ናታንም ያ ሰው ዳዊት ራሱ መሆኑን ገለጠለት። ዳዊት ታሪኩን በሰማ ጊዜ ልቡ ተነክቶ ነበር፤ ፍርዱም ቅን ነበረ። የጐደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ራሱን በታሪኩ ውስጥ አላየም። ባየ ጊዜ ግን ኀጢአቱን አምኖ ንስሓ ገባ። ታሪክ ሰምቶ የሚፈርድ ሰው ሁሉ ከዚህ ንጉሥ ሁለቱን ነገር ይማራል፤ በሌላው ላይ መፍረድ እንዴት ቀላል እንደ ሆነ፥ በራስ ላይ መፍረድም እንዴት የከበረ እንደ ሆነ።

አንባቢ በሚገባ ሲያስተውል እስከምን ድረስ እንደሚጠቅም የሚያሳይ ታሪክ በሌላ አገርም ይገኛል። በአሜሪካ መካከል ዛፍ የማይበዛበት እጅግ ሰፊ የሣር ሜዳ አለ። ላውራ ኢንጋልስ ዋይልደር የተባሉ ሴት ደራሲ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1867 ዓ.ም. ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ወላጆቻቸው ልጆቻቸውን በሸራ በተሸፈነ የፈረስ ሠረገላ ጭነው ካንሳስ ወደሚባለው አገር ሄዱ፤ በዚያም ሜዳ ላይ የግንድ ቤት ሠሩ። ደራሲዋ ካረጁ በኋላ ይህን የቤተ ሰብ ታሪክ ለልጆች ጻፉት፤ በ1935 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ታተመ። አባት ቤት ሲሠራ፥ እናት ስታበስል፥ ማታም አባት ቫዮሊን ሲመታ የሚነግረውን ይህን መጽሐፍ በአሜሪካና በሌላም አገር ያሉ ልጆች እጅግ ወደዱት።

ነገር ግን ያ ሜዳ ባዶ አልነበረም። ኦሴጅ የሚባሉት የአገሩ ተወላጆች ከጥንት የሚኖሩበት፥ የሚያድኑበትም ምድር ነበረ። መጽሐፉ ግን በመጀመሪያው ክፍል፥ በዚያ አገር ሰዎች የሉም፥ የሚኖሩት ቀይ ሕንዶች ብቻ ናቸው የሚል ቃል ነበረበት። እንዲህ ሲባል ተወላጆቹ ሰዎች አይደሉም እንደ ማለት ይሆናል። ብዙ አንባቢዎች ይህን ቃል ሳያስተውሉት አለፉ። በ1952 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ግን አንድ አንባቢ ለአሳታሚው ደብዳቤ ጻፈ፤ ያ ቃል ስሕተት መሆኑንም አመለከተ። ደራሲዋ በዚያን ጊዜ የ85 ዓመት አሮጊት ነበሩ። ስሕተታቸውን አመኑ እንጂ አልተከራከሩም። በሚቀጥለው ዓመት በታተመው መጽሐፍ ላይ «ሰዎች» የሚለው ቃል ተለውጦ «ሰፋሪዎች» ተባለ።

የተለወጠው አንድ ቃል ብቻ ነው። ቢሆንም ያ ቃል ሕዝብን ከሰው ቍጥር የሚያወጣ ነበረና፥ ለውጡ ትንሽ አይደለም። አንባቢው መጽሐፉን አላቃጠለውም፤ ደራሲዋንም አልሰደበም። አንብቦ አስተዋለ፤ አስተውሎም ጻፈ። ደራሲዋም የአንባቢው ቃል እውነት መሆኑን ባዩ ጊዜ ተቀበሉ። ስለዚያ መጽሐፍ የሚደረገው ክርክር ግን በዚህ አላለቀም። በ2018 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በአሜሪካ ለልጆች መጻሕፍት በደራሲዋ ስም ይሰጥ የነበረው ሽልማት ስሙ ተለወጠ። አንዳንዱ «ትክክል ነው» አለ፤ አንዳንዱም «ለደራሲዋ አይገባም» አለ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ ይነበባል። የሚወዱትን መጽሐፍ እየወደዱ ጕድለቱን መናገር ይቻላልና።

ምናልባት አንድ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ታሪክ የሚነበበው ለደስታ ነው፤ ልጅ በታሪክ ይደሰት እንጂ ስለ ምን በጥያቄ ይጨነቃል?» ይህ አነጋገር እውነት አለበት። ደስ የማያሰኝ መጽሐፍ እስከ መጨረሻው አይነበብም፤ ያልተነበበም መጽሐፍ ለማንም አይጠቅምም። ልጅ ሁሉን ነገር እየመረመረ ቢያነብ ጨዋታው ይጠፋበታል። ነገር ግን ደስታና ማሰብ እንደ ጠላቶች አይደሉም። እንጀራ የሚበላ ሰው ጣዕሙን ይወዳል፤ ያው እንጀራ ሥጋና ደም ይሆንለታል። ጣዕሙን ወዶ ጕልበት ያላገኘ ሰው ግን ሕመምተኛ ነው ይባላል። ታሪክም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ በደስታና በኀዘን ይነበባል፤ ከዚያም በኋላ በሰው ጠባይ ላይ ፍሬው ይታያል።

ይህ ፍሬ በኢትዮጵያ በምን እንደሚታይ መመልከት ይገባል። መጽሐፉ ከታተመ ከ9 ዓመት በኋላ፥ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጣ፤ የባለ መሬትና የጭሰኛ ሥርዐትም በሕግ ቀረ። ጋብቻንም የሚመለከት ነገር ተለወጠ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልታገባ ትችል ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣውና በአዲስ አበባ የሚሠራው የቤተ ሰብ ሕግ ግን ለወንድም ለሴትም 18 ዓመት አደረገው፤ ጋብቻም በሁለቱ ተጋቢዎች ነጻ ፈቃድ እንዲፈጸም አዘዘ። ይህን ሁሉ ያደረገው አንድ መጽሐፍ ነው ማለት አይቻልም፤ የብዙ ሰው ድካም አለበት። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ የሚሣቅበት ጕዱ ካሣ ልማድ ሊለወጥ ይገባል ያለው ቃል የዕብድ ቃል እንዳልነበረ ጊዜ መሰከረ።

ሕግ ግን የሚያዝዘው እጅን ነው፤ ልብን ለማዘዝ አይችልም። ዳኛ በእያንዳንዱ ቤት ገብቶ አባትና ልጅ ሲነጋገሩ አይሰማም። «የማን ዘር ነው?» የሚለው ጥያቄ በሕግ ቢሻርም በሹክሹክታ ይኖራል። ሕግ ሊደርስበት ወደማይችለው ወደዚህ ስፍራ የሚደርሰው ምክርና ትምህርት፥ መልካምም መጽሐፍ ነው። ስለዚህ የአንባቢ ሥራ ቀላል ሥራ አይደለም። ሰብለ ወንጌልን አንብቦ ከልጁ ጋራ በፍቅር የሚነጋገር አባት፥ አንዲት ነፍስ ከመከራ አዳነ።

እንግዲህ ማንበብ የሚማር ልጅ ታሪክ በጨረሰ ጊዜ መጽሐፉን ከማጠፉ በፊት ሦስት ጥያቄ ለራሱ ቢጠይቅ ይጠቀማል። መጀመሪያው፥ በዚህ ታሪክ የተበደለው ማነው? ሁለተኛው፥ እውነት ተናግሮ ያልተሰማው ማነው? ሦስተኛው፥ እነዚህን ሰዎች የሚመስል በሰፈሬ ወይም በቤቴ ውስጥ አለን? የመጀመሪያው ጥያቄ ርኅራኄን ያስተምራል፤ ሁለተኛው ማስተዋልን ያስተምራል፤ ሦስተኛው ግን ሥራን ያስተምራል። ብዙ አንባቢ በመጀመሪያው ላይ ይቆማል፤ ጥቂት ሰው ወደ ሁለተኛው ይደርሳል፤ ሦስተኛውን የሚጠይቅ እጅግ ጥቂት ነው።

በየትምህርት ቤቱ ጓደኞቹ የሚስቁበት ልጅ ይገኛል። አነጋገሩ ከሌላው ስለ ተለየ፥ ወይም ልብሱ ስላረጀ፥ ወይም ሌሎቹ ሊሰሙት የማይወዱትን እውነት ስለ ተናገረ ቅጽል ስም ያወጡለታል። የጕዱ ካሣን ታሪክ ያነበበ ተማሪ በዚያ ሳቅ ውስጥ ባይገባ፥ ይልቁንም ወደዚያ ልጅ ቀርቦ በእውነተኛ ስሙ ቢጠራውና የሚለውን ቢሰማው፥ መጽሐፉን በእውነት አንብቦታል።